በክንዷ ሥር የቀረው ቢጫ

የፎቶ ቤቱ ባለቤት የኋላሸት ሰኞ ረፋድ ላይ ሲገኝ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነበር። ቀኝ እጁ ማውዙን አለቀቀም። ለሚያየው ሰው ሥራ በዝቶበት ሸለብ ያደረገው ይመስል ነበር። ቀኑ የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው፤ መካነ ሰላም ገና ከበዓሉ ድካም አልነቃችም።

«ጄኔሬተሩ ነው» አለ ኮንስታብል ዋለ። ዋለ ጡረታው የደረሰ፣ ነገር ማርዘም የማይወድ ሰው ነው። «ትናንት መብራት አልነበረም። ከሰዓት በረዶ ጣለ። ጄኔሬተሩን ዝናብ እንዳይመታበት ወደ ኮሪደሩ አስገባና በሩን ዘጋ፤ ጭሱ ጨረሰው። ይሄ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

ኢንስፔክተር ይርገዱ የአጅባር ልጅ ናት። አሥራ አራት ዓመት በመርማሪነት ሠርታለች፤ ነገር ቶሎ ሲገጥም ደስ የማይላት ሴት ናት። ቤቱን ከፊት እስከ ኋላ ሁለት ጊዜ ተመላለሰችበት። ከፊት መንገዱን የሚያየው መቀበያ አለ፤ እሑድ ስለነበር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ቀጥሎ የኋላሸት የሞተባት፣ መስኮት የሌላት የሥራ ክፍል ናት። ከእሷ በጥቁር መጋረጃ የተለየ አጭር ኮሪደር አለ፤ ጄኔሬተሩ የቆመው እዚያ ነው። በመጨረሻ ወደ ጓሮው የሚያወጣ የብረት በር ይገኛል።

ይርገዱ ተንበርክካ እጇን ከጄኔሬተሩ ሥር ሰደደች። ሲሚንቶው ደረቅ ነው። ጎማው ላይ ያለው አቧራም ደረቅ ነው።

«በረዶው በስንት ሰዓት ጀመረ?»

«ዘጠኝ ሰዓት አልፎ።»

«ታዲያ ይሄ ከዝናቡ በፊት ነው የገባው። ጭቃ ቢነካው ኖሮ ይታይ ነበር።»

«ሰማዩ ሲጠቁር አይቶ ይሆናላ።»

«ይሆናል» አለች። ይርገዱ «ይሆናል» ካለች አላመነችም ማለት ነው፤ ዋለ ይህን ያውቃልና ቆቡን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ።

ሬሳውን ያገኘችው የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ ፈትሂያ ናት። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ይርገዱ ጓሮው ውስጥ አንድ ባልዲ ገልብጣ አስቀመጠቻት።

«አብሽሪ የኔ እህት። በየት በኩል ገባሽ?»

«በዚሁ በጓሮ፣ እትዬ። የግቢው ቁልፍ አለኝ። የብረቱ በር ግን አልከፈት አለኝ፤ ከሥሩ ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል። ሰው ፊቱ ቆሞ የሚነሳበት ሰማያዊው የባክግራውንድ ጨርቃችን ነው። እሱን ስቤ ካወጣሁ በኋላ ነው የተከፈተልኝ።»

«ከየት ሆነሽ ሳብሽው?»

«ከውጭ ነዋ። ውጭ ቆሜ አይደል?»

«ጎርፍ እንዳይገባበት የጠቀጠቀው ነው» ብሎ ዋለ ጣልቃ ገባ።

ይርገዱ ዞር ብላ አየችው። «ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከውጭ በኩል እንዴት ብሎ ይጠቀጥቃል ዋለ?»

ፈትሂያ ነገሩ ገብቷት አፏን በሻሿ ያዘች። የኋላሸት ጉንፋን ይዞት እንደነበር፣ ሳምንት ሙሉ ምንም ሽታ አይሸተኝም ሲል እንደከረመ እያለቀሰች ነገረቻት። የግቢውን ቁልፍ ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰው ይይዘዋል፤ እሷ፣ በግቢው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራው ስማቸው የሚባል ልብስ ሰፊ፣ እና መጋዘናቸው እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው የብረታ ብረት ነጋዴው ጋሽ ቢተው። እሷ እሑድ ወረኢሉ እህቷ ጋ ነበረች።

«ምን እየሠራ ነበር?»

«የእማማ አልታዬን ሥራ። ቅዳሜ የልጃቸውን ሦስት ፎቶ ይዘው መጡና ‹ከሦስቱ ያማረችውን መርጣችሁ ቁረጡና ከእኔ ጎን አቁሙልኝ› አሉን። እንጀራችን ይሄው ነው እትዬ። አባት ሳይኖር ያገባ ካለ አባቱን ከድሮ ፎቶ ቆርጠን ሠርጉ ላይ እናቆመዋለን፤ ውጭ አገር ያለውን ከእናቱ ጎን እናስቀምጣለን። ይሄኛውን ግን ገና ሲጀምረው ፊቱ ጠቆረ። ‹ፈትሂያ፣ ይሄንን ለዳኛ ሳልናገር ለሴትዮዋ አልሰጥም› አለኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው አልነገረኝም።»

«ዳኛ?» ዋለ ቆቡን መልሶ ደፋ። «እንግዲያ ክስ ነበረበት! አሁኑኑ ፍርድ ቤት ሄጄ መዝገቡን አስወጣለሁ።» ይርገዱ አልከለከለችውም። ሄደ።

ከግቢው በር ውጭ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። እማማ አልታዬ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ዕድሜያቸው ስልሳ አይሞላም፤ ኑሮ ግን ሰባ አድርጓቸዋል። ይርገዱን ሲያዩ ተነሡ።

«ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ልጅ ነበር» አሉ። «ፎቶዎቼ ግን ውስጥ ናቸው። ፎቶዎቼን ስጡኝ።»

ሬሳ ገና ሳይወጣ ፎቶ የሚጠይቅ ሰው ያስቀይማል። ይርገዱም ቅር ሊላት ሲል የሴትዮዋን እጅ አየች። ፎቶዎቹ የነበሩበትን ባዶ ፖስታ ጨብጧል።

«ይሰጥዎታል። ልጅዎ የት ናት?»

«ጅዳ። የኔአለም ነው ስሟ። ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም።»

«በስልክ ትገናኛላችሁ?»

«እመቤቷ ስልክ አታስነካትም አሉ። በየፋሲካው ፎቶ ትልካለች፣ በወንድሜ በስማቸው ስልክ። እሱ አሳጥቦ ያመጣልኛል። ድምጿን አልሰማሁም። ቢሆንም ተመስገን ነው፤ የሞተ ሰው ፎቶ አይልክም።»

ከዚያ ሳይጠየቁ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ መተረክ ጀመሩ። በአንደኛው ጥቁር ሻሽ አድርጋ ትልቅ ሱቅ በር ላይ ቆማለች። በሁለተኛው አረንጓዴ ሻሽ ነው፤ ከኋላዋ ባሕር አለ። በዘንድሮው ቡኒ ሻሽ አድርጋ አበባ የሞላው ግቢ ውስጥ ናት። እነዚህን አይተው ከሰፈሩ ሌሎች ሴቶችም መሄዳቸውን ነገሯት።

«ጸጉሯ እንኳ እንዳጠረ ነው» አሉ፣ ፊታቸው በኩራት እየበራ። «አባቷ የሞተ ጊዜ ተላጭታው ነበር። በወሩ ነው፣ ደሴ ደርሼ እመጣለሁ ብላ በነጠላ ወጥታ የሄደችው። ይሄው እስከ ዛሬ አላሳደገችውም፤ በሦስቱም ፎቶ ከሻሿ ሥር ብቅ ያለው ያው አጭሩ ነው። በሰው አገር ሆና የአባቷን ሐዘን አልፈታችም። እንዲህ ያለ ልጅ ማን ወለደ?»

ይርገዱ መጻፏን አቆመች። ጸጉር የባለቤቱን ሐዘን አይጠብቅም፤ መቀስ ካልነካው ያድጋል። እናቲቱ ግን በሦስት ፋሲካ ይህንን ሲያዩ ታማኝነት ነው ብለው አመስግነዋል። ይርገዱ ልትጠይቅ ያሰበችውን ረሳችው።

«እሑድስ መጥተው ነበር?» አለች።

«መጥቼ ነበር እንጂ! ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል። የፊቱን በር ደበደብኩ። ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ መልስ ግን የለም። አበልጄ ጋሽ ቢተው ከሱቃቸው ብቅ ብለው ‹የለም፣ ወጥቷል፤ ዝናብ ሳይዝዎት ይግቡ› አሉኝ። ሟች ባለቤታቸው ናቸው የኔአለምን ክርስትና ያነሷት።»

ስማቸው በረንዳው ላይ የልብስ ስፌት መኪናውን ተደግፎ ቆሟል። እሑድ ከሰዓት ቤቱ ተኝቶ እንደነበር ተናገረ፤ ለመተኛቱ ግን ምስክር የለውም። ፎቶዎቹ ከውጭ አገር ቁጥር እንደሚመጡለት፣ ሲደውልም እንደማይነሳ ስልኩን ከፍቶ አሳያት።

«ለየኋላሸት ስለ ፎቶዎቹ የነገርከው ነገር ነበር?»

«ምንም።»

«በእርግጥ?»

«የኔአለም ትሙት! ምንም አላልኩትም። የእህቴን ልጅ ፎቶ አሳጥቤ ለእህቴ ከመስጠት ሌላ የማውቀው የለም።»

እማማ አልታዬ ከበሩ ላይ ሆነው ሰሙት። «አፍህን ዝጋ!» ብለው ጮኹ። «በልጄ አትማል ስንቴ አልኩህ? ድሮ አበልጄ ነበሩ እንዲህ የሚምሉባት፤ ‹የኔአለም ትሙት› ሳይሉ አንዲት ሚስማር አይሸጡም ነበር። እሳቸው ሽማግሌው እንኳ ልጄ ከሄደች ወዲህ ትተውታል፣ እግዜር ይስጣቸው። አንተ ምን ነክቶህ ነው ከሞት ጋር የምታነሳት?»

ስማቸው አንገቱን ደፋ። ይርገዱ ማስታወሻዋ ላይ አንዲት ቃል ጽፋ ከሥሯ አሰመረችባት።

ጋሽ ቢተው መጋዘናቸው በር ላይ ነበሩ። ነጠላቸውን በወጉ ያጣፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሰው ሁሉ ብድግ የሚልላቸው ሰው ናቸው። የመጋዘኑ በር የዘይት ቆርቆሮ እየተዘረጋ፣ እየተቀጣጠለ የተሠራ ነው። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ገና ያብረቀርቃል።

«የበዓል ቀለም ነው ጋሽ ቢተው?»

«ለፋሲካ ሳይደርስልኝ ቀረ። ዛሬ ማለዳ ነው የለቀለቅኩት። ምን ላርግ ልጄ፣ እጅ ሲፈታ ሐሳብ ይበዛል።» የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ሥር አረንጓዴው ገብቷል።

«ጄኔሬተሩን እርስዎ ነዎት ያስገቡለት?»

«እኔ? ሚካኤልን! አልነካሁትም። ከቅዳሴ ወጥቼ ሱቄ ነበርኩ።»

«ለእማማ አልታዬ ወጥቷል ብለዋቸዋል። ጄኔሬተሩ እየጮኸ እንዴት ወጥቷል አሉ?»

«በሩ ተዘግቶ ሳይ መሰለኛ። ሚካኤልን፣ መስሎኝ ነው።»

ተጨማሪ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ከውጭ ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ተጣሩ። «ዳኛ! ዳኛችን! ምሰሶው በየት በኩል ይቁም?»

ጋሽ ቢተው ይቅርታ ጠይቀው ወጡ። የእድሩ ዳኛ እሳቸው ናቸው። የሰፈሩን ለቅሶ ሁሉ ሃያ ዓመት የመሩት፣ ድንኳኑን የሚያስተክሉት፣ መርዶ ሲኖርም ሽማግሌ አስከትለው ሄደው የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ይርገዱ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ዋለን ከፍርድ ቤት ለመጥራት ስልኳን አወጣችና ተወችው፤ የሌለ መዝገብ ሲፈልግ ቢውል ለእሷም እረፍት ነው።

መብራት የመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ፈትሂያ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ፎቶሾፑ ሲነሣ፣ እሑድ የጄኔሬተሩ ነዳጅ አልቆ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሳይቀመጥ የቀረውን ሥራ መልሶ ዘረጋው። ፈትሂያ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ሦስቱንም ቆርጧቸዋል» አለች። «ግን ከእናቷ ጎን አላቆማትም። አንዷን በአንዷ ላይ ደራርቧቸዋል። ይመልከቱ እትዬ፤ የላይኛውን ልደብቀው።»

ጥቁሩ ሻሽ አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴው ቡኒ ሆነ። ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበረም። የልብሱ እጥፋት፣ የጣቶቹ አያያዝ፣ ጆሮዋ ላይ የወጣችው አጭር ጸጉር እንኳ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«አንድ ፎቶ ነው» አለች ፈትሂያ፣ ድምጿ እየተቆረጠ። «ከአንድ ፎቶ ቆርጠው ሦስት ቦታ ለጥፈዋታል። ሻሿን ቀለም እየቀየሩላት። ያ ረቢ! እኔ ራሴ ነኝ ሦስቱንም ያተምኩት፤ ያምናን ከዘንድሮ አስተያይቼ አላውቅ!»

የኋላሸት አንድ ቦታ ላይ አጉልቶ ትቶት ነበር። በልጅቷ ግራ ክንድና በወገቧ መሐል፣ ጥፍር የምታህል ሦስት ማዕዘን ክፍተት አለች።

«ይሄ የስልክ ቆረጣ ነው» አለች ፈትሂያ። «ስልክ አንዴ ሲነኩት ሰውየውን ዙሪያውን ቆርጦ ያወጣል፤ የክንድ ሥሩን ክፍተት ግን ይዘለዋል። እኛ እዚያ ላይ ነው በነጥብ በነጥብ እየሄድን የምንለፋው። ከእኔ እጅ እንዲህ ያለ ሥራ ቢወጣ አፍር ነበር። እዚህች ክፍተት ውስጥ ያለው የሱቁም የባሕሩም አይደለም። መጀመሪያ የተነሳችበት ቦታ ነው።»

ክፍተቷ ውስጥ ቢጫ ነገር አለ። ይርገዱ ተጠግታ አየችው። የሱፍ አበባ ቅጠሎች ናቸው፤ የተሳለ አበባ፣ ተዘቅዝቆ የተቆረጠ፤ በጥጉ የሚስማር ራስ ይታያል።

«እማማ አልታዬን ምን ልንላቸው ነው?» አለች ፈትሂያ።

ይርገዱ በዚህ ሥራ ላይ ሳለች ቢላ ተመዞባት ያውቃል፤ አልፈራችም ነበር። ያን ቀን ግን ፈራች። ገዳዩን አውጥታ ልትሰጥ የምትችለው ልጅቷን ገድላ ነው። የየኋላሸትን ሞት ለመፍታት የሌላ ሰው ሞት ለእናቱ መነገር አለበት፤ መርዶ መንገር ደግሞ ማንም አላስተማራትም።

ማክሰኞ በጠዋት ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፈትሂያ፣ ስማቸው፣ ጋሽ ቢተው፣ ዋለ፣ የሰፈሩ ቄስ፣ ከእድሩ አራት አምስት ሰው። እማማ አልታዬ እንዳይጠሩ አዝዛ ነበር። ነገር ግን ቀድማ ማሰብ የነበረባትን አላሰበችም፤ በዚህ አገር በማለዳ ሽማግሌና ቄስ በአንድ ግቢ ሲሰበሰብ ያየ ሰው ሌላ ነገር አይገምትም። ገና ንግግሯን ሳትጀምር እማማ አልታዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«መርዶ ነው?» አሉ። «የማን ነው?»

ቄሱ ወንበር አቀረቡላቸው፤ አልተቀመጡም።

ይርገዱ ወደ መሐል ገባች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከሥሩ ልጀምር። የኋላሸት በአደጋ አልሞተም። ጄኔሬተሩ ደረቅ ነበር፤ ዝናቡ ከመጣ በኋላ አልገባም። የጓሮው በር ሥር ጨርቅ ተጠቅጥቆ ነበር፤ የተጠቀጠቀው ደግሞ ከውጭ ነው። እዚህ ግቢ ቆሞ በሩን ያፈነ ሰው አለ። ቁልፉን የሚይዙት ሦስት ሰዎች ናቸው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ነበር» አለ ዋለ ስማቸውን እያየ።

«ቆይ ዋለ። ጨርቁ ከውጭ መጠቅጠቁን የነገረችን ፈትሂያ ናት። ባትነግረን እስከ ዛሬ አደጋ ነው ስንል በከረምን፤ ገዳይ ራሱ ላይ በር አይከፍትም። ደግሞም የተጭበረበረው ፎቶ የእሷ እጅ ሥራ አይደለም።»

«የትኛው ፎቶ?» አሉ እማማ አልታዬ።

ይርገዱ ወደ እሳቸው አላየችም። ብታይ መቀጠል እንደማትችል ታውቃለች። «የኋላሸት ሦስት ፎቶ ተሰጠው። ሲቆርጣቸው አንድ ሆኑበት። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ የተነሳች ልጅ፣ በሦስት ዓመት ሦስት ቦታ ላይ ተለጥፋ። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ገባው። ለእናቲቱ ግን አልተናገረም፤ ጨዋ ሰው ነበር። መርዶ በሥርዓቱ ነው የሚነገረው አለ። ‹ለዳኛ ሳልናገር› ያለው ለዚህ ነው። ዋለ ቀኑን ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ሲያስገለብጥ ዋለ፤ የኋላሸት የፈለገው ዳኛ ግን የእድር ዳኛ ነበር።»

የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ ጋሽ ቢተው ዞረ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አልመጣም ወደ እኔ» አሉ። «ሚካኤልን!»

ይርገዱ ነዳጅ የነካ ጨርቅ ከኪሷ አወጣች። ወደ መጋዘኑ በር ሄዳ አረንጓዴውን ቀለም ታሽ ጀመር። ቀለሙ ገና ስላልጠና ቶሎ ለቀቀ። ከሥሩ ቢጫ ወጣ፤ ተዘቅዝቆ የተመታ የዘይት ቆርቆሮ፣ የሱፍ አበባ ሥዕል፣ በጥጉ ሚስማር። ፈትሂያ ያተመችውን ወረቀት ጎኑ ያዘችው። መናገር አላስፈለገም።

«የኔአለም እዚህ በር ላይ ቆማ ነው የተነሳችው፣ ለመንገድ በለበሰችው ጥቁር ልብስ» አለች ይርገዱ። «ደሴ እሄዳለሁ ብላ ከቤቷ በነጠላ ነው የወጣችው፤ በዚያ ልብስ ያያት የላካት ሰው ብቻ ነው። የላካት ሰው ፎቶዋን በስልኩ አስቀመጠ። የኋላሸት እሑድ ያችን ቢጫ አሳይቶ ይሄ ምን ይመስልዎታል ሲልዎ ነው ነገሩ ያለቀው። እሱ ቢጫዋ የማን በር እንደሆነች አላወቀም። እርስዎ አወቋት። ዝናብ ይመጣል ብለው ጄኔሬተሩን አስገቡለት። በሩን ክፍት የተዉት መስሎት ሥራው ላይ ቁጭ አለ፤ ጉንፋን ስለነበረበት ጭሱ አልሸተተውም።»

«ስማቸውም ግቢው ውስጥ ነበር የሚውለው» አለ ከእድሩ አንዱ፣ ለዳኛቸው አዝኖ። «ፎቶው የሚመጣውም በእሱ ስልክ ነው።»

«ልክ ነው። እኔም እሱን ነበር የጠረጠርኩት፤ ግን ማለ። ‹የኔአለም ትሙት› ብሎ ማለ። ‹ይሙት› ተብሎ የሚማለው በሚወዱትና በሕይወት ባለ ሰው ነው። የሞተ ሰው ይሙት ተብሎ አይማልበትም። ስማቸው ልጅቷ እንዳለች ያምናል።» ይርገዱ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎ ድሮ ሚስማር ሲሸጡ በእሷ ይምሉ ነበር አሉ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይሆናል ካቆሙ። ትናንት ሁለት ጊዜ፣ ዛሬ ደግሞ አንድ ጊዜ ማሉልኝ፤ በሦስቱም በሚካኤል ብቻ ነው።»

እማማ አልታዬ ከበሩ ተነሥተው፣ ሰዉን በክንዳቸው እየገፉ፣ ጋሽ ቢተው ፊት ደርሰው ቆሙ።

«ይማሉልኝ» አሉ።

«አበልጄ...»

«ይማሉልኝ! ‹የኔአለም ትሙት› ይበሉ! አልቆጣም። እንደ ድሮው ይበሉት። አንድ ጊዜ ብቻ!» የሽማግሌውን ነጠላ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ። «ትሙት ይበሉልኝ አበልጄ፣ እግርዎን እስማለሁ! ትሙት ይበሉ!»

ቢተው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ቃሉ አልወጣም። ስማቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ቄሱም መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

«ውሃ ጥም ነው አሉኝ» አሉ ቢተው በመጨረሻ። «ከባሕሩ ሳትደርስ፣ በረሃው ላይ። ይለፍላት ብዬ ነበር የላክኋት፤ በራሴ ልጅ አላደርገውም ነበር እንዳይሉኝ፣ እንደ ራሴ ልጅ ነበረች። ወሬው ሲደርሰኝ ሦስት ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ደጅዎ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ። ባልዎን የቀበሩት በዚያው ሰሞን ነበር። እስኪጽናኑ ብዬ አንዷን ፎቶ አስላክሁ። ሲያዩዋት ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ልበል?»

«ፎቶዋን አይተው የሄዱትስ ሴቶች?» አለች ይርገዱ። «የኔአለም ተሳክቶላታል እያሉ የላኳቸው?»

ቢተው ዓይናቸውን ወደ መጋዘናቸው በር አሸሹ። ስለ የኋላሸትም አንድ ቃል አላነሡም። በሰፈሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሞተ ሁሉ አፈር ያለበሱ ሰው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

ሁሉም የእማማ አልታዬን ጩኸት ጠበቀ። ሴቶቹም ሊይዟቸው ቀረቡ። እሳቸው ግን አልጮኹም። ነጠላውን ለቀቁት።

«ቀኑ መቼ ነው?» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«የሞተችበት ቀን። ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልዘከርኳትም። በስንት ቀን ላስታውሳት? ቀኑን ይንገሩኝ።»

ቢተው ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። «ይዘዋት የሄዱት ሰዎችም ቀኑን አላወቁትም። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ፣ ከጽዮን በፊት ነው ያሉኝ።»

እማማ አልታዬ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። አንድ ጊዜ ተሳሳቱና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ስምንት ቀን ነው» አሉ። «ስምንቱንም እዘክራታለሁ።»

ዋለ ካቴናውን ያወጣው ሴቶቹ እሳቸውን ደግፈው ከግቢው ካስወጡ በኋላ ነው።